ብዙ የተነዳ መኪና በግራን ቱሪስሞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመኪና ውድድር ጌም የሆነው ግራን ቱሪስሞ 7 (እ.ኤ.አ. 2022) ጋራዥ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ መኪና የተነዳውን ኪሎሜትር ይቆጥራል፤ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ መኪናው ይደክማል። ይህን አብዛኛው ተጫዋች ያውቃል። ግራ የሚያጋባው ምኑ ነው የሚደክመው፣ በምንስ ይመለሳል የሚለው ነው። የሚያረጁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሞተር ዘይቱ፣ ሞተሩ ራሱ እና ቦዲው። ሦስቱ እኩል አያረጁም፤ አንዱ ሲታደስም ሌላው አይታደስም። ጥገናው ሁሉ የሚሠራው ጂቲ አውቶ በሚባለው የጌሙ የጥገና ቤት ውስጥ ነው።

«ዘይት መቀየር ለወጉ ነው፤ መኪናውን አያፈጥነውም»

ያፈጥነዋል። ለማረጋገጥ ደቂቃ አይፈጅም። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ተነድቶ ዘይቱ ያልተቀየረ መኪና ምረጡ፣ የፈረስ ጉልበቱንና ፒፒውን (የብቃት ነጥቡን) ጻፉ፣ ዘይቱን ቀይሩና ሁለቱን ቁጥሮች እንደገና እዩ።

ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ትራክ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን እናስላ። 300 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና 5 በመቶ ቢያጣ 285 ይቀረዋል። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚበላው የአየር ተቃውሞ ነው፤ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ የ5 በመቶ ጉድለት ከጣሪያው ፍጥነት የሚቀንሰው 1.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሰዓት 250 ኪሎሜትር ይደርስ የነበረው መኪና 246 ላይ ይቆማል ማለት ነው። በሌ ማን ትራክ፣ ቺኬን (ፍጥነት የሚያስቀንስ ጠባብ ኩርባ) በሌለበት ቅርጽ፣ 6 ኪሎሜትር ገደማ የሚሆነው የሙልሳን ቀጥታ መንገድ ላይ ይህ በየዙሩ ከ1 ሰከንድ በላይ ያስከፍላል። እንደ ፁኩባ ባለ አጭርና ኩርባ የበዛበት ትራክ ላይ ግን ሰዓቱን የሚወስኑት ጎማና ፍሬን ስለሆኑ ጉድለቱ ሳይታወቅ ያልፋል። «ዘይት ለውጥ አያመጣም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ አጫጭር ትራኮች ላይ የሞከሩት ናቸው።

«የእውነተኛ መኪና ዘይት 5,000 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ የጌሙም እንደዚያው ነው»

ጌሙ ጊዜውን አሳጥሮታል። ዘይቱ የሚቆሽሸው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎሜትር ውስጥ ነው፤ ያም ከምትገምቱት በላይ ፈጥኖ ይሞላል። ጌሙ በየቀኑ እንድትነዱ የሚሰጣችሁ ርቀት፣ የዕለቱ ማራቶን፣ ብቻውን 42.195 ኪሎሜትር ነው። ኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ 20.832 ኪሎሜትር ስለሆነ ሁለት ዙር ተነድቶም ማራቶኑ ግማሽ ኪሎሜትር ገደማ ይጎድለዋል፤ ሦስተኛውን ዙር መጀመር ግድ ነው። በአንድ መኪና አምስት ቀን ማራቶን የሠራ ተጫዋች 211 ኪሎሜትር ጨመረበት። በሌ ማን የ30 ደቂቃውን ውድድር የሚደጋግሙ ደግሞ፣ አንዱ ዙር 13.6 ኪሎሜትር በመሆኑ፣ በሦስት ውድድር ወደ 300 ኪሎሜትር ይጠጋሉ። የዘይት ዋጋ ከአንዱ ውድድር ሽልማት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መቆጠብ አያዋጣም።

«ዘይቱ ከተቀየረ ሞተሩ አዲስ ሆነ»

ዘይት የሚመልሰው የዘይትን ጉድለት ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር የተነዳ መኪና ላይ ትኩስ ዘይት ተሞልቶም ቁጥሩ ከመጀመሪያው በታች ከቆመ የቀረው የሞተሩ ድካም ነው፤ እሱን የሚመልሰው ሙሉ የሞተር እድሳት ነው። በእውነተኛው መኪናም የፒስተን ቀለበትና ሲሊንደር ተበልቶ ግፊት ሲያመልጥ አዲስ ዘይት አያድነውም፣ ሞተሩ ወርዶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ቁጥሩን ማየት፣ ካልተመለሰ እድሳት። ገና በትንሽ ኪሎሜትር ላይ ያለን መኪና ለእድሳት ማስገባት ክሬዲት (የጌሙን ገንዘብ) ማባከን ነው።

ያገለገለ መኪና የሚፈሩ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ከያገለገሉ መኪኖች ሻጭ 100,000 ኪሎሜትር የሄደ መኪና ብትገዙ ለዘለዓለም ደካማ ሆኖ አይቀርም፤ ዘይት፣ የሞተር እድሳትና የቦዲ ጥንካሬ ማስመለሻ ከተሠራለት ይድናል። ቆጣሪው ግን ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ከእድሳት በኋላም ያንኑ ረጅም ቁጥር ያሳያል። ስትገዙ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩት።

«የፈረስ ጉልበቱ ሙሉ ከሆነ መኪናው ደህና ነው»

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ቦዲው ነው። የቦዲ ጥንካሬ ሲቀንስ የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ንቅንቅ አይልም፤ ለውጡ የሚታየው አያያዙ ላይ ነው። መሪው ሲዞር መኪናው ዘግይቶ ይመልሳል፣ በተከታታይ ኩርባዎች ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዛወር ለመርጋት ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሰስፔንሽኑን መነካካት ይጀምራል፤ በደከመ ቦዲ ላይ የተስተካከለ ሰስፔንሽን ደግሞ ቦዲው ሲታደስ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። ከመነካካቱ በፊት የቦዲውን ሁኔታ ጂቲ አውቶ ውስጥ እዩ።

በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን አታምታቱ። ጂቲ አውቶ ውስጥ ያለው ማስመለሻ ቦዲውን ወደነበረበት ያመጣል፤ ማሻሻያ ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው የቦዲ ማጠንከሪያ ግን መኪናውን ከፋብሪካው በላይ የሚያጠነክር ቋሚ ለውጥ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ ዕቃዎች ተፈትቶ አይወጣም።

«መኪና ማጠብ ፍጥነት ይጨምራል»፣ «ጎማም በኪሎሜትር ያረጃል»

ማጠብ ለውበት ብቻ ነው። ጎማ የሚበላው በዚያው ውድድር ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ ውድድር በአዲስ ጎማ ይጀምራል።

«በሁሉም የመኪና ጌም እንዲሁ ነው»

አይደለም። ፎርዛ ሆራይዘን 5 ላይ የፈለገውን ያህል ቢነዳ መኪናው አይደክምም። ግራን ቱሪስሞ ስፖርት (2017) ላይ «ማይሌጅ ነጥብ» የሚባል ነበር፤ እሱ ዕቃ መግዣ እንጂ የእርጅና መለኪያ አልነበረም። በግራን ቱሪስሞ 5 (2010) ደግሞ አዲስ መኪና ላይ እንኳ ዘይት መቀየር ጉልበቱን ከፋብሪካው ቁጥር በላይ ያወጣ ነበር። ለድሮው ጌም የተጻፈ ምክር ለአዲሱ ሲነገር ስለምትሰሙ፣ ለየትኛው እንደተጻፈ ጠይቁ።

«ኪሎሜትር ፒፒን አይነካም»

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያናድዳል፤ ከውድድር በር ላይ ይመልሳልና። ፒፒ በከፊል የሚሰላው ከሞተሩ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ በዘይት ምክንያት ሲወርድ ፒፒውም ይወርዳል፣ ዘይቱ ሲቀየር ይወጣል። የፒፒ ገደቡ 700 በሆነበት ውድድር መኪናችሁን በቆሸሸ ዘይት 699.90 ላይ ካስተካከላችሁ በኋላ ዘይት ብትቀይሩ ቁጥሩ 700ን አልፎ መግባት ትከለከላላችሁ። ተቃራኒውም ጉዳት አለው፦ በትኩስ ዘይት ልክ 700.00 ላይ ያቆማችሁት መኪና ከብዙ ውድድር በኋላ ከገደቡ በታች ወርዶ፣ ለተፎካካሪ በነጻ ጉልበት እየሰጣችሁ ትነዳላችሁ።

ስለዚህ ማስተካከል ሁልጊዜ ከጥገና በኋላ ይሁን። ዘይት ቀይሩ፤ አስፈላጊ ከሆነ ሞተሩንና ቦዲውን አሳድሱ። ቀጥሎ የምትወዳደሩበትን ጎማ ግጠሙ፣ ጎማ ራሱ ፒፒውን በብዙ ስለሚለውጠው። ከዚያ የኃይል መገደቢያውን (የሞተሩን ጉልበት የሚቀንሰውን ዕቃ) በ1 በመቶ በ1 በመቶ እያወረዱ ወደ ገደቡ መቅረብ ነው። አንዱ ደረጃ ከገደቡ በላይ፣ ቀጣዩ ደግሞ በጣም በታች የሚያወርድ ከሆነ ክፍተቱን በተጨማሪ ክብደት ሙሉት። የተገኘውን በራሱ የማስተካከያ ገጽ አስቀምጡ፣ ለ600፣ ለ700 እና ለ800 ገደብ ለየብቻ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ገጹን ከፍታችሁ ፒፒውን እዩና፣ ካለፈ መገደቢያውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።