እጁን ዘርግቶ የሞተ ሁሉ ክርስቶስን አይመስልም፦ ስለ ፊልም ጀግኖች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ፊልም ላይ ጀግናው ሞቶ ከተነሳ በቃ፣ «ይሄ እኮ ኢየሱስን ነው የሚያሳየው» የሚል ቪዲዮ ወዲያው ይለቀቃል። እንዲህ ያለ ትንታኔ ደስ ብሎኝ ነው የማየው፤ መነሻው እውነት ነው። ክርስቶስን የሚመስሉ ገጸ ባሕርያት በፊልም ዓለም አሉ፤ ሆን ተብለው የተሠሩም አሉ። የሚያሳዝነኝ መለኪያችን ነው። ምልክት ስንቆጥር ሰውየው የሠራውን እንረሳለን። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አባባሎች ልጥቀስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እጁን እንደ መስቀል ከዘረጋ፣ 33 ዓመቱ ከሆነ፣ ስሙ እንደ ጂሰስ ክራይስት በጄ እና በሲ ከጀመረ፣ አለቀ»

አላለቀም። በ1967 በወጣው «ኩል ሃንድ ሉክ» ላይ ፖል ኒውማን 50 እንቁላል በልቶ ጠረጴዛ ላይ የተዘረረው ልክ እንደ ተሰቀለ ሰው ሆኖ ነው። ለውርርድ በልቶ! በ2013ቱ «ማን ኦፍ ስቲል» ደግሞ ሱፐርማን 33 ዓመት ምድር ላይ እንደኖረ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቄስ ሲያማክር ከጀርባው በጌቴሴማኒ የሚጸልይ የኢየሱስ ሥዕል ይታያል፣ ከዚያም ወደ ምድር ሲወርድ እጁን ዘርግቶ ነው። ምልክቱ ሞልቷል። ታዲያ መጨረሻው? ከተማው ይፈርሳል፣ ጠላቱንም አንገቱን ሰብሮ ይገድለዋል። ምልክት ማለት ዳይሬክተሩ «እዚህ ጋ ተመልከት» ሲለን ነው። ከተመለከትን በኋላ የምናየው ነገር ምልክቱን ሊያፈርሰውም ይችላል።

የስም ነገርማ ይባስ ያሳስታል። በ1984ቱ «ተርሚኔተር» ሁሉም የሚጠቅሰው ጆን ኮነርን ነው፤ በዚያ ፊልም ግን ጆን ገና አልተወለደም። ከወደፊቱ ዘመን በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ለሌላ ሰው ብሎ የሚሞተው ካይል ሪስ ነው። በስሙ ፊደል ምክንያት የሚያነሳው ሰው የለም።

የኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ ከወንጌሉ የተወሰደ ነው። በፈቃዱ ነው ወይ የሞተው? ኢየሱስ ስለ ነፍሱ «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ይላልና። ለማን ነው የሞተው? ለሚገባው ሰው ነው ወይስ ለማይገባው? በሞቱስ ማን ዳነ?

«አባት ሳይኖረው ከተወለደና 'የተመረጠው' ከተባለ ሌላ ምን ቀረ?»

የ«ስታር ዋርስ»ን አናኪን ተመልከቱ። በ1999ኙ ፊልም እናቱ አባት እንደሌለው ትናገራለች፤ ትንቢት የተነገረለት ልጅ ነው። ያ ልጅ ነው በኋላ ሕፃናትን የሚጨፈጭፈው፣ ዳርዝ ቬደር የሚሆነው። ልደቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

«ሱፐርማን ከመጀመሪያውም የኢየሱስ ምሳሌ ሆኖ ነው የተፈጠረው»

ይሄኛው በጣም ተስፋፍቷል፣ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የአይሁድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በ1938 ነው ለሕትመት የበቃው። ሕዝቡ ሊጠፋ ሲል ወላጆቹ መንኮራኩር ውስጥ አስገብተው የላኩት፣ ባዕዳን ያሳደጉት ሕፃን ነው። በቅርጫት ወንዝ ላይ ከተተወው ከሙሴ ጋር ያለው መመሳሰል ለብዙዎች ግልጽ ነው። የክርስቶስ መልክ የጎላው በኋላ ሲኒማው ላይ ነው፤ በ1978ቱ ፊልም አባቱ «አንድያ ልጄን» እያለ ሲልከው። ሙሴን ረስቶ በቀጥታ ወደ ክርስቶስ መዝለል ፈጣሪዎቹን መበደል ነው።

«ኒዮ ማለት ኢየሱስ ነው፣ ማትሪክስ የክርስትና ፊልም ነው»

ግማሹ እውነት ነው። አንድ ሰውዬ ገና መጀመሪያ ላይ ኒዮን «የኔ ኢየሱስ ክርስቶስ» ይለዋል፣ የኒዮ ባልደረባ ሳይፈር ስቴክ እየበላ ወዳጆቹን አሳልፎ ይሸጣል፣ ኒዮ ሞቶ ይነሳል። የሚጓዙባት መርከብ ላይ እንኳ «ማርክ 3 ቁጥር 11» ተጽፏል፤ ማርቆስ 3፥11ን ስትገልጡ ርኵሳን መናፍስት «አንተ የእግዚአብሔር ልጅ ነህ» እያሉ ሲጮኹ ታገኛላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሞታለሁ ብሎ እያሰበ መሪውን ሞርፊየስን ለማዳን ይገባል። ይሄ ከባድ ነገር ነው፤ አላቃልለውም።

ግን የሰው ልጅ ችግር እዚያ ምንድን ነው? ማሽኖች በፈጠሩት የሐሰት ዓለም ውስጥ ተኝቷል፣ ተታሏል። መዳኛውም መንቃት ነው። ይህ መዳን በዕውቀት ነው ለሚሉት ለጥንቶቹ ግኖስቲኮችና ለቡድሂዝም ይቀርባል፤ ወንጌል የሚለው ኃጢአትና ይቅርታ ነው። ኒዮ ሊያድን የገባበት ሕንፃ በር ላይ ደግሞ ጥበቃዎቹን በጥይት ይረፈርፋቸዋል። እነዚያ ጥበቃዎች ማሽን ውስጥ የታሰሩ ሰዎች ናቸው፣ ነፃ ሊያወጣቸው የመጣው ሕዝብ ማለት ነው። ጴጥሮስን «ሰይፍህን መልስ» ካለው ጌታ ጋር እንዴት ይታረቃል?

«ዳይሬክተሩ ካላሰበው መመሳሰሉ ውሸት ነው»

«ኢ.ቲ.»ን (1982) የሠራው ስፒልበርግ አይሁዳዊ ነው፤ የክርስትና ምሳሌ ልሥራ ብሎ እንዳልተነሳ ተናግሯል። ሆኖም ፍጡሩ ከሰማይ ይመጣል፣ በጣቱ ይፈውሳል፣ ሞቶ ይነሳል፣ ወደ ላይ ያርጋል። ተመልካች ይህን ማየቱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ «ስፒልበርግ ሊሰብከን ፈልጎ ነው» ማለቱ ነው። ተቃራኒውም ስህተት አለ፦ ደራሲው ክርስቲያን ከሆነ እያንዳንዱ ሰው ምሳሌ ነው ማለት። የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፣ ግን ምሳሌያዊ አጻጻፍ እንደማይወድ ራሱ ጽፏል። በታሪኩ ጋንዳልፍ ሞቶ ይመለሳል፣ ፍሮዶ መጥፋት ያለበትን ክፉ ቀለበት ሸክም አድርጎ ይሸከማል፣ አራጎርን ንጉሥ ሆኖ ይመጣል፤ አንዱም ብቻውን አይሞላም። ፍሮዶማ መጨረሻው ላይ ይወድቃል፣ ቀለበቱን «የኔ ነው» ይላል። መጽሐፉ ላይ ቀለበቱ የጠፋበት ቀን ማርች 25 መሆኑ ግን ይገርማል፤ በምዕራቡ የጽንሰት በዓል ነው፣ እኛ መጋቢት 29 የምናከብረው።

«ክርስቶስን የሚመስለው ንጹሕና ደግ ሰው ብቻ ነው»

በዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። በ1999 የወጣው «ዘ ግሪን ማይል» ላይ ያለው ጥቁሩ እስረኛ ጆን ኮፊ ንጹሕ ነው፣ ይፈውሳል፣ ያለ ጥፋቱ ይገደላል። አልቅሼበታለሁ። ግን ሞቱ ማንንም አላዳነም። የእስር ቤቱ ጠባቂ ሊለቀው ሲጠይቀው እምቢ የሚለው ደክሞት ነው፤ የዓለም ሕመም በዝቶበት ማረፍ ፈልጎ። የፊልም ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊም ጥቁሩ ሰው ተአምረኛ ሆኖ ነጮቹን ብቻ የሚያገለግልበትን እንዲህ ያለ አቀራረብ ነቅፏል፤ ትክክል ይመስለኛል።

ከሱ ይልቅ «ግራን ቶሪኖ» (2008) ላይ ያለውን ዋልት ኮዋልስኪን አስቀድማለሁ። ዋልት ተሳዳቢ ነው። ዘረኛ ነው። በኮሪያ ጦርነት የገደላቸው ሰዎች ያስጨንቁታል። ጎረቤቶቹ ሞንግ የሚባሉ የእስያ ስደተኞች ናቸው፤ መጀመሪያ ሊያያቸው አይፈልግም፣ ልጃቸው ታኦ እንዲያውም መኪናውን ሊሰርቀው የሞከረ ነው። በኋላ ወሮበሎች የታኦን እህት ሲደፍሯት ሁላችንም ሽጉጥ ይዞ እንዲሄድ እንጠብቃለን። ታኦም አብሮት ሊገድል ይፈልጋል። ዋልት ልጁን ቤት ቆልፎበት፣ ነፍስ እንዳያጠፋ አድርጎ፣ ብቻውን ባዶ እጁን ይሄዳል። ሰፈር እያየ ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ይተኩሱበታል፤ እጁ ላይ የተገኘው ላይተር ነው። ምስክር ስላለ ገዳዮቹ ይታሰራሉ፣ ልጁም ይድናል። እዚህ እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ምልክቱ ከሥራው በኋላ ነው የመጣው። ኃጢአተኛ ነው፤ ግን በፈቃዱ፣ ሊሰርቀው ለመጣ ልጅ ብሎ፣ ሰይፍ ሳያነሳ ሞተ።

«ወንድ መሆን አለበት፣ መሞትም አለበት»

የለበትም። «የባቤት ግብዣ» የተባለውን የ1987 የዴንማርክ ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። ከፓሪስ ግርግር የሸሸችው ፈረንሳዊት ባቤት በሁለት እህትማማቾች ቤት ምግብ ታበስላለች። ሎተሪ ይደርሳታል፣ 10,000 ፍራንክ። ሁሉንም አውጥታ ለ12 እንግዶች አንድ እራት ታሰናዳለች። የመንደሩ ምእመናን እርስ በርስ የተቀያየሙ ናቸው፤ ስለ ምግቡም አንዲት ቃል ላይተነፍሱ ተማምለው ነው የተቀመጡት። በልተው ሲነሱ ታርቀዋል። እሷ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ነበረች። እህትማማቾቹ ወደ ፓሪስ ትመለሳለች ብለው ሲያስቡ ገንዘቡ እንዳለቀ ትነግራቸዋለች። ተአምር የለም፣ መስቀል የለም፣ የተዘረጋ እጅም የለም። እኔ ግን ከሱፐርማን በፊት እሷን ነው የምጠራው።