ታለንት ማኔጅመንት ምንድን ነው? ቅጥር ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «የታለንት ማኔጅመንት ባለሙያ» ይላል። ዝርዝሩን ሳነብ ሥራው ማስታወቂያ ማውጣት፣ መፈተንና መቅጠር ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ «ታለንት ማኔጅመንት ማለት ጎበዝ መቅጠርና ደህና መክፈል ነው፤ ሌላው ወሬ ነው» አለ። ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስሕተቱን ያመጣው አጠራሩ ይመስለኛል። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 «የታለንት ጦርነት» የሚል ሐረግ ይዞ ብቅ አለ። ጦርነት ከተባለ ደግሞ ሰው የሚያስበው መማረክን ነው፤ ቀድሞ መንጠቅን። ታለንት ለሚለው የእኛ ቃል ግን መክሊት ነው። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ጌታው ባሮቹን የጠየቃቸው በተሰጣቸው ምን እንዳደረጉበት ነው። አንዱ ነግዶ አተረፈ፣ አንዱ ቆፍሮ ቀበረ።

ታለንት ማኔጅመንትም ድርጅቱ የሚያስፈልገውን ባለሙያ ማግኘት፣ ማሳደግ፣ ማቆየትና ተተኪ ማዘጋጀት ነው፤ ዋናው ሥራው ከቅጥር ማግስት ነው የሚጀምረው። የትኛው ሥራ ቢጓደል ድርጅቱ ይቆማል? እዚያ ያለው ማን ነው? እሱ ቢሄድ ማን ይተካዋል? ተተኪው ምን ይቀረዋል፣ ማንስ ያሳየዋል?

የመንዝን በግ እንይ። ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ አርቢው ገንዘብ ሲቸግረው ገበያ የሚያወጣው ፈጥኖ ያደገውን ወንድ ጠቦት ነው። ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። እቤት የሚቀረው ቀጭጮ ያደገው ነው። የቀጣዩ ግልገል አባት የሚሆነውም እሱ ነው። ከውጭ የመጣውን የአዋሲ ዝርያ ማዳቀልም ተሞክሯል፤ ትልቅ በግ ግን ብዙ መኖ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ አርቢዎቹ ራሳቸው ተደራጅተው፣ የጠቦቶቹን ክብደት እያስመዘገቡ፣ በመረጡት ኮሚቴ አማካይነት ምርጡን አውራ ከገበያ ያስቀሩና በጋራ ይጠቀሙበት ጀመር።

እኛ መሥሪያ ቤቶች ገና ምርጡ ቀድሞ የሚወጣበት የመጀመሪያው ላይ ነን። ቀድሞ የሚሄደው ጎበዙ ነው፤ ሌላው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ባለሙያው ከተማው ውስጥ አማራጭ አለው። አዲስ የገባውን ሠራተኛ የሚያለማምደው እንግዲህ የቀረው ነው። ሲብስብን ከአዲስ አበባ በትልቅ ደመወዝ ሰው እናመጣለን፤ መኖውን ግን አላዘጋጀንም። መኖ ስል ደመወዙን ብቻ አይደለም። የሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚሰማው አለቃ፣ የሚያድግበት መንገድም ነው።

እርግጥ ሰው በግ አይደለም፤ ከገበያ አታስቀረውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሄድ መብቱ ነው። መሆንም አለበት። ግን የዓመታት እውቀት በ30 ቀን አይተላለፍም።

ይህን የምለው አይቼ ነው። በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ማሽኑን በድምፁ የሚያውቅ መካኒክ ነበር። ጆሮውን አስጠግቶ «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ካለ፣ አለቀ፣ ይሄዳል። ሁሉን ነገር ጠርዟ በዘይት በጠቆረች ደብተር ላይ ይጽፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንድ ልጅ መድቡልኝ፣ ላሳየው» አለ። መልሱ ሁሌ «በጀት የለም» ነበር። ክሊራንሱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። መታወቂያውን፣ ቱታውን፣ የመፍቻ ሳጥኑን መለሰ። ደብተሯ የራሱ ነበረች፤ ይዟት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ቆመ።

«ሥራ ፈላጊ ሞልቷል፣ አንዱ ቢሄድ መቶ ይመጣል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይመጣል። ከመቶው ያንን ድምፅ የሚለየው ስንቱ ነው?

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ጎበዙን እናቆየው ብለው የፈረቃ አለቃ የሚያደርጉት አሉ። የዛሬ የሥራ ውጤትና ሰው የመምራት አቅም የተለያዩ ናቸው። ሰውየው ደስ ሳይለው አለቃ ይሆናል፣ ማሽኑ ደግሞ ባለሙያውን ያጣል። መካኒክ ሆኖ ደረጃውም ደመወዙም የሚያድግበት መንገድ ቢሠራለት ይሻል ነበር።

አሁን ባለሁበት ቦታ ከእያንዳንዱ ነባር መካኒክ ጎን አንድ ልጅ መድበናል። ደብተር የምንገዛው እኛ ነን። ሁለት ሁለት እንገዛለን፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለልጁ።