«ወጣቶችን በፕላን ማሳተፍ» ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ችግኝ በተተከለ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በተቀባ ወይም ቦይ በተጠረገ ቁጥር ሪፖርቱ ላይ «ወጣቶች በዕቅዱ ተሳትፈዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ከዚህም አልፈው፣ ወጣቶች ቲሸርትና ኮፍያ ለብሰው የቆሙበትን ፎቶ አያይዘው «ከዚህ በላይ ምን ተሳትፎ ይፈለጋል?» ሲሉ ጠየቁ። ችግኝ መትከል የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ቦይ መጥረግም ሰፈርን ከጎርፍ ያድናል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ጉልበት ናቸው። ችግኙ የት እንደሚተከል፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው የግቢ በር ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ የወሰነው ሌላ ሰው ከሆነ ወጣቱ የተሳተፈው በሥራው እንጂ በፕላኑ አይደለም።

በፕላን ሙያ ወጣቶችን ማሳተፍ ሲባል፣ ውሳኔው ገና ክፍት በሆነበት ጊዜ እነርሱ ስለ አካባቢያቸው የሚያውቁት ነገር ተሰብስቦ ንድፉን መለወጥ እንዲችል ማድረግ ማለት ነው። ተሳትፎ ነበር የሚል ባለሙያ በመጀመሪያው ረቂቅና በጸደቀው ፕላን መካከል በወጣቶቹ ምክንያት የተዛወረውን መስመር በጣቱ ማሳየት መቻል አለበት። የተዛወረ መስመር ከሌለም ለምን እንዳልተዛወረ የተጻፈ ምክንያት ሊኖር ይገባል። የተሰብሳቢው ብዛት፣ የተከፈለው አበልና የባነሩ ስፋት ስለዚህ ጉዳይ የሚነግሩን ነገር የለም።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 የራሱ አመለካከት ሊኖረው የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ያዛል።

ነገሩን በልብስ ሰፊ ሥራ ማየት ይቻላል። ለተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው በመጀመሪያ ልጁን አቁሞ ትከሻውን፣ ወገቡንና የእጁን ርዝመት ይለካል፤ መቀሱን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ስፌት እንዲያውቅ የሚጠብቅበት የለም፤ የት ላይ እንደሚጠብበው ግን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም። በከተማችን ዳር ምክክር ተብሎ ከሚጠራው አብዛኛው ጨርቁ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ልጁን ጠርቶ የቁልፉን ቀለም ማስመረጥ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሰማያዊ ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ምሳሌውን ትንሽ ወደፊት ልግፋው። ለሚያድግ ልጅ የሚያሰፋ ወላጅ በሱሪው ግርጌ እጥፋት ያስቀራል፤ ፕላንም ይህ እጥፋት ያስፈልገዋል። በዐዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላው ከተማ የዕድገት ፕላን፣ የሚጸናው ለ10 ዓመት ስለሆነ፣ ዛሬ በ14 ዓመቷ ሐሳቧን የምትሰጥ ልጅ ፕላኑ ሲያበቃ 24 ይሞላታል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ለምን እንደሚውል ገና ያልተወሰነ ቦታ መተው፣ በሌላ ጊዜ ሌላ ትውልድ እንዲወስንበት ዕድል መስጠት ነው። ምሳሌው የሚቀደድበት ቦታም አለው። ዩኒፎርም የአንድ ልጅ ነው፤ መንገድ ግን ከዘራ ለያዙት እናት፣ ለዓይነ ሥውሩና ጋሪ ለሚገፋውም የሚሰፋ አንድ ልብስ ነው፤ ስለዚህ የወጣቱ ልክ ከብዙ ልኮች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

እኚሁ አስተያየት ሰጪ «ልጆችን ብትጠይቋቸው የሚሏችሁ መዋኛ ገንዳ ነው» ሲሉም ጽፈዋል። እውነት ነው፤ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ አዋቂዎችም ቢጠየቁ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚሉት። ስሕተቱ ያለው በጥያቄው ነው። ለፕላን የሚጠቅመው ጥያቄ «ትናንት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በየት በኩል ሄድሽ? የት ላይ ተሻገርሽ? የትኛውን መንገድ ሸሽተሽ ዞርሽ? ብቻሽን ስትሆኚስ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ኬቨን ሊንች በዩኔስኮ ድጋፍ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ ልጆች አካባቢያቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ባስጠና ጊዜ የተያዘው መንገድ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልጆቹ ሰፈራቸውን በራሳቸው እጅ ሳሉ፣ ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉም ተናገሩ።

በእኛ ከተማ ዳር ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከቦሌ አራብሳ እስከ አቃቂ የተዘረጋውን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ ማሰብ ይበቃል። ባለሙያው ለቅኝት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በበጋ ነው፤ በጥር ወር በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል የሚያልፈው አቋራጭ ደረቅና ለእግር የተመቸ ሆኖ ያገኘዋል። ተማሪዋ ግን ያው አቋራጭ በሰኔ ጭቃው ጫማ አስወልቆ እንደሚያስቀር፣ በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ገና እንዳልጠፈፈ፣ በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው በአስፋልቱ ጠርዝ ከመኪና ጋር እየተጋፋ እንደሚሄድ ታውቃለች። የትኛው በር ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እንደሚቆለፍና በዚህ ምክንያት የግቢውን አጥር መዞር ግዴታ እንደሚሆን፣ ባጃጆች የት ላይ የእግረኛውን መንገድ እንደሚይዙ፣ የትኛው ማንሆል ክዳን እንደሌለው ልጆች በካርታ ላይ ያለምንም ችግር ያመለክታሉ። በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው አኃዝ 54 በመቶው፣ በእግር የሚደረጉ ስለሆኑ ይህ መረጃ ለትራንስፖርት ፕላን ዋና ግብዓት ነው። በነገራችን ላይ ልጆቹ መስመሩን ቢያመለክቱም ሥራው አያበቃም፤ ዋልካ ሲረጥብ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ሥሩ ተቆፍሮ በተመረጠ አፈር ሳይተካ የተነጠፈ ኮብልስቶን ከጥቂት ክረምት በኋላ ይነሣል። ስፋቱም ቢሆን ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ያህል ንጹሕ ቦታ ይፈልጋሉ፤ የመብራት ምሰሶ መሐሉ ላይ ከተተከለ ይህ ስፋት የለም ማለት ነው።

ወጣት ማን ነው የሚለውም በቸልታ ይታለፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ሲል፣ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። በዚህ ምክንያት በወረዳ ስብሰባ የወጣቶች ተወካይ ተብለው የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የያዙ፣ አንዳንዶቹም ልጅ ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ዳቦ ለመግዛት አስፋልት የምታቋርጠው የ11 ዓመት ልጅ ከትርጓሜው ውጭ ትቀራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ ትራፊክ አደጋ መሆኑን ይገልጻል። ሴቶች ልጆችን ለብቻ ማነጋገር ግድ ነው፤ ወንዶች ባሉበት የሚፈሩትን መንገድ አይናገሩም። ትምህርት ቤት ብቻ ሄዶ መጠየቅም አይበቃም፤ ሊስትሮው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ከከተማው ወሰን ከብት የሚጠብቀው የገበሬ ልጅ እዚያ አይገኙም። ይህ የመጨረሻው ልጅ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ወደፊት ሰፈር በሚሆነው እርሻ ላይ ያሉትን ዱካዎች፣ ወንዝ የሚሻገሩባቸውን መልካዎችና ጎርፍ የሚደርስበትን ቦታ ከነስማቸው የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሙያውን በሩቁ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ የሮጀር ሃርትን መሰላል ይጠቅሳሉ። ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኒሴፍ ባሳተመለት ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከኖች አስቀመጠ፤ ሐሳቡን የተዋሰው ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ካቀረበችው ተመሳሳይ መሰላል ነው። የታችኞቹን ሦስት እርከኖች፣ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግን፣ ማስጌጫ ማድረግንና ለስም ያህል ማስቀመጥን፣ ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም፤ ለማስጌጫነት የሰጠው ምሳሌ ራሱ ስለ ዓላማው እምብዛም ሳያውቁ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ናቸው። ብዙዎች የሚስቱት ግን ጫፉ ላይ ነው። የመጨረሻው እርከን አዋቂዎች ወጥተው ልጆች ብቻቸውን የሚወስኑበት ይመስላቸዋል፤ እርሱ ሰባተኛው ነው። ስምንተኛው ልጆች የጀመሩትን ነገር ውሳኔውን ከአዋቂዎች ጋር እየተጋሩ የሚያካሂዱበት ነው። ባለሙያው ዝም እንዲል የሚጠይቅ እርከን በጫፉ ላይ የለም።

ይህ በተለይ በዱካ፣ ማለትም በተዳፋት ላይ በሚወጣ የእግር መንገድ፣ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። በየካና በእንጦጦ ተዳፋቶች መስመር እንዲያሰምሩ ሲጠየቁ ወጣቶች ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለውን ይመርጣሉ፤ አጭር ነው፣ ደግሞም እነርሱ ይሮጡበታል። ውኃም የሚመርጠው ይህንኑ መስመር ነውና ዱካው በሁለት ክረምት ቦረቦር ሊሆን ይችላል። በሙያው የተለመደው ደንብ የዱካው ቁልቁለት ከተዳፋቱ ቁልቁለት ግማሽ እንዳይበልጥ ነው፤ ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ ዱካው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ጎኑን ይዞ ይዞራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለሙያው «አይሆንም» ማለት አለበት፤ ምክንያቱን ደግሞ በስብሰባ አዳራሽ ከመተንተን ይልቅ ከዝናብ በኋላ አብሮ ወጥቶ የተቦረቦረ አሮጌ ዱካ ማሳየት ይሻላል። ከዚያ በኋላ ዱካው የት ላይ እንዲታጠፍ፣ የት ላይ ማረፊያ እንዲኖረው፣ የት ላይ ከሰው ዓይን እንዳይርቅ የሚወስኑት እነርሱ ቢሆኑ የሚጎዳ ነገር የለም። የአፈርና የውኃ ጉዳይ ለድምፅ አይቀርብም፤ የቀረው አብዛኛው ግን ይቀርባል።

አንድ ጥንቃቄ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ልጆች የዘወትር መንገዳቸውን የሳሉበት ካርታ ከነስማቸው በግድግዳ መለጠፍ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ መውጣት የለበትም፤ የት እንደሚኖሩና በስንት ሰዓት ብቻቸውን በየት እንደሚያልፉ ለማንም የሚያሳይ መረጃ ነው። የወላጅ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስሙን መፋቅ፣ የተለያዩ ልጆችን መስመር በአንድ ካርታ ላይ መደራረብ ይገባል፤ ለንድፉ የሚያስፈልገውም የተደራረበው ካርታ ነው።

ፕላኑ ለውሳኔ ከመቅረቡ በፊትም ባለሙያው ወደ ልጆቹ ተመልሶ የተቀበለውን፣ ያልተቀበለውንና ምክንያቱን የያዘ አንድ ገጽ ሊያነብላቸው ይገባል። ያው ገጽ ከአካባቢ ልማት ፕላኑ፣ ማለትም ከሰፈሩ ዝርዝር ፕላን፣ ሰነድ ጋር መያያዝ አለበት፤ ኋላ መንገዱ ሲሠራ ሥራ ተቋራጩ አቋራጩን በአጥር ሊዘጋ ቢመጣ፣ መሐንዲሱ ክፍት እንዲሆን ማን እንደ ጠየቀና ለምን እንደ ተፈቀደ የሚያገኘው ከዚያ ነው።