ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ድሬዎች ሰላም ናችሁ?

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ኃጢአቴን ልናገር ብዬ መጀመሪያ ጉራዬን ነዛሁ። "አባ፣ ጸሎት ላይ እንኳን ደህና ነኝ፣ የዘወትሩን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት ደሞ አንድ ንጉሥ (አሥር መዝሙር ማለት ነው) በየቀኑ አደርሳለሁ" አልኳቸው። "ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" አሉኝ። እኔም ጎበዝ ልባል "ኧረ ቶሎ ነው አባ፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ" አልኩ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያገላበጡ ትንሽ ዝም አሉና "እስቲ ከዛሬዎቹ አሥር መዝሙሮች አንዷን ቃል ንገረኝ" አሉኝ። አንድም አልመጣልኝም። ጠዋት ያነበብኩት እኮ ነው፣ ገና አራት ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር፣ ላቤ መጣ፣ የድሬ ሙቀት ነው እንዳልል ዛፍ ሥር ነበር የተቀመጥነው።

ቀኖናዬ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ለአንድ ወር አንድ ንጉሡን ትቼ በቀን አንድ መዝሙር ብቻ፣ እሱንም ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ከያዘኝ እዛው ቆሜ እስኪለቀኝ አለማለፍ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ከባድ ቀኖና ሰጥተውኝ እንደማያውቁ ገባኝ።

ይሄን ያነሳሁት ሰሞኑን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላት አንዲት እህታችን ስልኳ ላይ የሆነ የሜዲቴሽን አፕ አይታ "ለክርስቲያን ይፈቀዳል ወይ? የኛ ቤተ ክርስቲያንስ እንደዚ ዓይነት ነገር የላትም?" ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። አፑን አላውቀውም ስለዚ እሱን እንተወው። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም የኛ ቤት ሙሉ ነው፣ ገብተን ስላላየነው ነው እንጂ። ልዩነቱን ባጭሩ ልናገር፣ ክርስቲያን በጸሎት ዝም ሲል አእምሮውን ባዶ አድርጎ ባዶው ላይ ሊቀመጥ አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ለማየት ነው። በቅዳሴ ካህኑ "አልዕሉ አልባቢክሙ" (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲል እኛ "ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ" ብለን እንመልሳለን አይደል፣ ልባችን እግዚአብሔር ዘንድ ነው እያልን ነው፣ እኔ ያን ጊዜ ልቤ ስንቴ ሰልፍ ላይ፣ ስንቴ ባንክ እንደነበረ እሱ ያውቃል። ሊቃውንቱ ተመስጦ የሚሉት ያ መልስ እውነት ሲሆን ነው።

ነገሩን የጀመሩት የግብጽ በረኸኞች ናቸው ማለት ይቻላል፣ እነ አባ እንጦንስ፣ እነ አባ መቃርስ፣ 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ። አባ መቃርስን እንዴት እንጸልይ ብለው ሲጠይቁት ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ "ጌታ ሆይ እንደ ፈቃድህ፣ እንደምታውቀውም ማረኝ" በሉ፣ ፈተናው ሲጠና ደሞ "ጌታ ሆይ እርዳኝ" በሉ ነው ያለው፣ አለቀ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ዮሐንስ ካስያን የሚባል መነኩሴ ግብጽ ገብቶ አባቶችን እየዞረ ሲጠይቅ አባ ይስሐቅ የሚባሉት አባት አንዲት ጥቅስ ሰጡት፣ ከመዝሙር 69 "አቤቱ፥ እኔን ለማዳን ተመልከት፤ አቤቱ፥ እኔን ለመርዳት ፍጠን።" ስትበላም ስትተኛም ስትደነግጥም ስትደሰትም እቺን በል አሉት። እሱ ይዟት ወደ ምዕራብ ሄደ፣ የምዕራብ መነኮሳት እስካሁን የሰዓት ጸሎታቸውን የሚከፍቱት በሷ ነው። አንድ መስመር እኮ ናት።

ምሥራቆቹ (እነ ግሪክ ኦርቶዶክስ) ዘንድ ደሞ "ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" የምትለዋ ጸሎት አለች፣ ግማሿ የኢያሪኮው ዕውር፣ ግማሿ የቀራጩ ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግሪክ ያለው የአቶስ ተራራ መነኮሳት አንገታቸውን ደፍተው ከትንፋሻቸው ጋር እያዋሐዱ ይሏት ስለነበር በርላም የሚባል የተማረ ሰው እምብርታቸውን የሚያዩ ብሎ አላገጠባቸው፣ ከመነኮሳቱ አንዱ ጎርጎርዮስ ፓላማስ ቆሞ ተከራከረላቸው፣ በ1341 ዓ.ም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቁስጥንጥንያ ላይ ጉባኤ እስከመደረግ ደረሰ። ይሄ የነሱ የውስጥ ክርክር ነው፣ እኛ አልነበርንበትም። ጸሎቷ ግን ለጆሯችን እንግዳ አይደለችም፣ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ምዕራብ ላይ ካሉት እኔ የምወደው የ12ኛው ክፍለ ዘመኑን ጊጎ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ስለማንበብ የአራት ደረጃ መሰላል የሠራ መነኩሴ ነው። ማንበብ ምግቡን አፍ ውስጥ ማስገባት ነው ይላል፣ ማሰላሰል ማላመጥ ነው፣ መጸለይ ጣዕሙን ማውጣት ነው፣ ተመስጦ ደሞ ጣፋጭነቱ ራሱ ነው። (ስለ ማላመጥ ለድሬ ሰው ማንም ማስተማር አያስፈልገውም፣ ይቅር በሉኝ።)

ቀልዱን ካነሳሁት አይቀር ቁም ነገሩንም ልበል። ብዙ ሰው ተመስጦን ከምርቃና ጋር ያምታታዋል። ጫት መቃም የተውነው ሰዎች እናውቀዋለን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ይገባሃል፣ ሐሳብህ ይሰበሰባል፣ ዓለምን የምታስተካክልበት ፕላን ይመጣልሃል፣ ማታ ይወርዳል፣ ከዛ ጨብሲ (የማስወረጃ መጠጥ) ይፈልጋል፣ ጠዋት ከሚስትህ ጋር ተኮራርፈህ ትነሳለህ። በጸሎትም እንደዛ ሙቀት የሚፈልግ አለ፣ ዕንባ ካልመጣ፣ ካልወረረው፣ ጸሎት የጸለየ አይመስለውም። አባቶች ግን ለስሜቱ ብዙም ቦታ አይሰጡም፣ እንዲያውም ብርሃን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚሉት ተጠንቀቅ ነው። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ፣ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሰው፣ የነነዌ ጳጳስ ተደርጎ ከአምስት ወር በኋላ ትቶት ወደ በረሃ የሄደው፣ ጸሎት ድንበር አላት ይላል፣ ከድንበሩ ባሻገር ያለው መደነቅ እንጂ ጸሎት አይባልም፣ እዛ የሚደርሰውም በትውልድ አንድ ቢገኝ ነው። እንግዲ እኔና አንተ እዛ ካልደረስን ብለን የምንጨነቅበት ምክንያት የለም። የኛ ድርሻ እዚህ ማዶ ነው፣ ቃሏን ይዞ መቀመጥ፣ ሐሳብ ሲሄድ መመለስ፣ ሲሄድ መመለስ።

መመለሱ ነው አድካሚው። የቀኖናዬ ወር በረፍት ሰሞን ስለነበር አንዳንድ ቀን ጠዋቱ ያልፈኝና ቀትር ላይ እሞክር ነበር፣ ትልቅ ስህተት። መብራት ሄዷል፣ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ዳዊቱ ላይ ያላበው ጣቴ ይጣበቃል፣ ውጪ ባጃጅ የለ፣ ሰው የለ፣ ከተማው በሙሉ ተኝቷል። አንድ ቁጥር አነብና ሰዓቴን አያለሁ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ሌላ ቁጥር፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሁለት። ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፣ የጎረቤት ፍየል ከግንቡ ጥላ ጋር አብራ እየተጠጋች ናት፣ እሷንም ቆሜ አያታለሁ። በኋላ ላይ ኢቫግርዮስ የሚባለው የግብጽ በረሃ ሰው (በሌሎች ሐሳቦቹ ላይ ብዙ ክርክር አለ፣ እዚህ ላይ ግን ልክ ነው) የጻፈውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። መዝሙር 90 ላይ ያለውን የቀትር ጋኔን ሲገልጽ፣ መነኩሴው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፣ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል፣ በመስኮት ያያል፣ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ ስንት ቀረ እያለ ፀሐይዋን ይለካል፣ ከዛ ይሄ ቦታ አይስማማኝም ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኛል ማለት ይጀምራል። 1600 ዓመት አልፎት እኔን ከነ ፍየሏ ያየኝ ነው የመሰለኝ። መድኃኒቱም ብዙ አይደለም፣ አለመነሳት ነው። እኔ ግን ደካማ ስለሆንኩ ሰዓቱን ቀየርኩት፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል አደረግኩት፣ ድሬ ያን ጊዜ ብቻ ነው ቀዝቀዝ የምትለው።

አንድ ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ሁሌ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፣ "ጌታ አትድገሙ ብሎ የለ እንዴ?" ይለኛል። ማቴዎስ 6 ላይ ያለው "በከንቱ አትድገሙ" ነው፣ በከንቱ የምትለዋን መዝለል አይገባም። እኔ በ20 ደቂቃ እሮጠው የነበረው በከንቱ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ "ሦስተኛም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ" ተብሎ ተጽፏል፣ መዝሙር 135 ላይ "ምሕረቱ ለዘላለም ነውና" 26 ጊዜ ይመላለሳል፣ ያ ሁሉ ቦታ ለመሙላት ነው? እኔ ለጓደኛዬ ያሳየሁት ማንቆርቆሪያችንን ነው። የድሬ ውሃ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ብታፈሉት ምንም አታዩም፣ በዓመቱ ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሆኗል፣ በቢላ ብትፍቁት አይለቅም። አንዷ ጠዋት ያመጣችው አይደለም፣ የትኛዋ እንዳመጣችውም አይታወቅም። ጓደኛዬ "እና ጸሎት የኩላሊት ጠጠር ነው እያልከኝ ነው" ብሎ ሳቀብኝ፣ ምሳሌዬ እንከን አለው፣ ይሁን።

"እኔ ሠራተኛ ነኝ ጊዜ የለኝም" የሚለው ደሞ ሁላችንም የምንለው ነው። አባ ሉክዮስን ታውቁታላችሁ? የእጅ ሥራ አንሠራም ዝም ብለን ሳናቋርጥ እንጸልያለን የሚሉ መነኮሳት መጡበት። ትበላላችሁ? አላቸው፣ አዎ፣ ስትበሉ ማን ይጸልይላችኋል? ትተኛላችሁ? አዎ፣ ስትተኙስ? መልስ የላቸውም። እሱ ግን ዘንባባውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ገመድ እየፈተለ "አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" ይላል፣ ሲመሽ 16 ሳንቲም ያገኛል፣ ሁለቷን በር ላይ ለለማኝ ይሰጣል፣ በቀረው ይበላል፣ ሲበላና ሲተኛ ያ ለማኝ ይጸልይለታል፣ ሳያቋርጡ መጸለይ እንዲ ሞላለት። ለኔ ከመሰላሉም ከክርክሩም ይሄ ይበልጥብኛል፣ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። የድሬን ባጃጅ ነጂ እዩት፣ ከቀዚራ ሳቢያን ድረስ ስንት "እግዚኦ" ይገባል፣ ሰው ሲቆርጠው ከሚሳደበው ስድብ ግማሹን ቢቀይረው እንኳን።

የእግር ጸሎትም አለን። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 በእግር የሄዳችሁ ደንገጎ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ከታች ሲነሱ ሁሉም ያወራል፣ ይዘፍናል ማለት ይቀላል፣ ጠመዝማዛው ሲጀምር ወሬው ይቆማል፣ ትንፋሽ የለም፣ አፍ ላይ የምትቀረው አንዲት ቃል ናት፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ። የአቶስ መነኮሳት ስለ ትንፋሽ የጻፉትን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ዳገት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ድሬ ላይ እንደምታውቁት ለካህን ካልሆነ አንቱታ ብዙም የለንም፣ ትልቁንም ሰው አንተ ነው የምንለው፣ ከመሃል አገር የመጣ ሰው ይደነግጥብናል። ግን እኮ አማርኛ ተናጋሪ በሙሉ እግዚአብሔርን አንተ ነው የሚለው፣ ንጉሡን አንቱ ሲል የኖረ ሕዝብ ፈጣሪውን አንተ ይላል። ለጸሎት ስትቀመጡ እሱን አስቡ፣ ቃል ማሳመር ማንም አልጠየቃችሁም።

ወደ ታይዋኗ እህቴ ልመለስ። መቁጠሪያ የለኝም አለችኝ፣ ባለ 41ዱን ገዝቼ እስክልክልሽ ጣትሽ አለ አልኳት። አንድ ጣት ሦስት አንጓ አለው፣ አራት ጣት 12፣ አውራ ጣትሽ እያንዳንዷ አንጓ ላይ ስታርፍ አንዴ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"፣ ቀስ ብለሽ፣ አሥራ ሁለቷ ስታልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለሽ ቆዪ፣ ያ ብቻ ነው አልኳት። በሳምንቱ ደወለችና አማረረችብኝ። "ሰባተኛዋ አንጓ ላይ ስደርስ አንዱ ይመጣና ቻርጀር ስንት ነው ይለኛል፣ ሳልጨርሰው ይጠፋብኛል፣ ታዲያ ከየት ልቀጥል?" አለች። ከመጀመሪያው አልኳት። "ሁልጊዜ?" ሁልጊዜ። "በቀን ሰላሳ ጊዜ ቢሆንስ?" እያለች እያለ ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ተሰማኝ፣ "ቆይ ደንበኛ መጣ" ብላ ዘጋችው።