ፑል ላይ ኳስን በጎን መትቶ ማስገባት፦ አነጣጠሩና የደሴ ጠረጴዛ

ነጯ (በዱላው ምትመታዋ ኳስ)፣ ምትገባዋ ኳስና ቀዳዳው አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው። ግን እንደዛ ሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው፣ አብዛኛው ኳስ በጎኑ ተነክቶ ነው ሚገባው፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢም ሆነ ኮምቦልቻ ጎበዙና ጀማሪው ሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በብዛት ሚታወቀው ዘዴ የሌለች ኳስ ማሰብ ነው። ነጯ ኳሷን በምትነካበት ቅጽበት የት ትቀመጣለች? የፑል ኳስ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሃሳቧ ኳስ መሃል ከምትገባዋ ኳስ መሃል 57 ሚሊ ወደኋላ፣ በቀዳዳው መስመር ላይ ነው ሚውለው። ጀማሪ ሚስተው ለምን መሰላችሁ፣ ሚነካካውን ነጥብ ያገኝና የነጯን መሃል እዛው ነጥብ ላይ ይልካል፣ ነጯ ደግሞ ወፍራም ናት፣ ነጥቡ ጋ ሳትደርስ በሌላ ጎኗ ቀድማ ትነካዋለች፣ ኳሷም ሞልታ ተመትታ ቀዳዳውን ትስታለች። ልምምድ ላይ ትርፍ ኳስ አምጥታችሁ ከምትገባዋ ኳስ ጀርባ አስነክታችሁ አስቀምጡ፣ ከቀዳዳው ጋር መስመሩን አይታችሁ አስተካክሉ፣ ወደ ነጯ ዞራችሁ ጎንበስ ብላችሁ ቦታዋን በደንብ ያዙት፣ ከዛ አንሱትና ምቱ።

ሌላው ነጯ የኳሷን ምን ያህል ክፍል እንደምትሸፍን በክፍልፋይ ማሰብ ነው። የነጯን መሃል የኳሷ ጠርዝ ላይ ካነጣጠራችሁ ግማሽ ይባላል፣ ኳሷ ነጯ ከመጣችበት መስመር በ30 ዲግሪ ትሄዳለች። ሶስት ሩብ ከሆነ 14 ተኩል ገደማ፣ ሩብ ብቻ ከነካችሁ 49 ገደማ። እኔ ግማሿን አስቀድሞ በደንብ መያዝን እመርጣለሁ፣ ጠርዙ በአይን ስለሚታይ ሌላውን ሁሉ ከሷ አንጻር ሰፋ ወይ ሳሳ ማድረግ ይቻላል።

ግን ይሄ ሁሉ ልኬት ንጹህ ኳስ ታስቦ ነው። ሁለቱ ኳሶች ሲፋተጉ ነጯ ምትገባዋን ትንሽ ወደራሷ አቅጣጫ ጎትታ ትወስዳታለች፣ ማእዘኑም ከታሰበው ይጠባል። የጠመኔ አቧራና የእጅ ላብ የያዘ ኳስ ላይ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ቀስ ብሎ ያለ ስፒን (ያለ ሽክርክሪት) ሲመታ ደግሞ ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክረምት ላይ ጉሙና ዝናቡ ሲበዛ ጨርቁ እርጥበት ይይዝና ኳሱ ይከብዳል፣ ኮምቦልቻ ወርዳ ሞቃት ስለሆነች ጠረጴዛው እዛ ፈጠን ሊል ይችላል። ስለዚ የኛ ቤቶች ውስጥ ያረጀ ኳስ ከገጠማችሁ ከምታዩት መስመር ትንሽ ሳሳ አድርጋችሁ ምቱ፣ ወይ ነጯን ከመሃል ትንሽ ወደውጪው ጎን ምቷት፣ ኳሷን ወደግራ ምትቆርጡ ከሆነ ነጯን በቀኝ ጎኗ ማለት ነው፣ ያ ስፒን ፍትጊያውን ይሰርዘዋል። ብዙ ስፒን ግን ነጯን ራሷን ከመስመር ስለሚያስወጣ አይመከርም። ከሁሉ የሚቀለው ከመጀመራችሁ በፊት ኳሶቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ የቤቱን ልጅ "ወንድሜ ጨርቅ አለህ" ብሎ መጠየቅ ምን ያስቸግራል?

የጠረጴዛው ዳር ላስቲክ ላይ የተለጠፈች ኳስ ስትገጥም ነጯ ኳሷንና ላስቲኩን እኩል እንድትነካ አድርጉ። የነጯ መሄጃም አብሮ ይታሰብ፣ ሳትሽከረከር እየተንሸራተተች ከደረሰች ከኳሷ መንገድ በ90 ዲግሪ ትወጣለች፣ እየተንከባለለች ከደረሰች ደግሞ በግማሽ አካባቢ ባሉት ምቶች ከመጣችበት መስመር 30 ዲግሪ ገደማ ታጥፋ ትቀጥላለች፣ በዛ አቅጣጫ ቀዳዳ ካለ ምቱን ቀይሩት።