ተርነር ሲንድረም ምንድን ነው?
ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክፍል) ይዛ ትወለዳለች። አንዱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሲጎድል ተርነር ሲንድረም ይባላል። እናት በእርግዝናዋ ያደረገችው ነገር ያመጣው አይደለም፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

አንዳንዷ ስትወለድ የእጇና የእግሯ ጀርባ ያብጣል፤ አንገቷም ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ በተዘረጋ ቆዳ ሰፋ ይላል። ሌላዋ ግን ከእኩዮቿ ከማጠሯ በቀር ምንም አይታይባትም፤ የወር አበባዋ ሳይመጣ ሲቀር ነው ነገሩ የሚታወቀው። ዕንቁላል እጢዎቿ ቀድመው ስለሚደክሙ አብዛኞቹ ያለ ሕክምና እርዳታ አይወልዱም። በሕክምና የሚሰጥ የዕድገት ሆርሞን ቁመት ይጨምራል፣ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞንም ጉርምስናን ያመጣል፣ አጥንትንም ያጠነክራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ልብ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሊጠብ፣ ወይም ሰፍቶ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ሴትየዋ ጤነኛ ሆና ቢሰማትም የልብ አልትራሳውንድና የደም ግፊት ክትትሏን ዕድሜ ልኳን ማቋረጥ የለባትም።