የመኖሪያ ቤት የምድር ወለል ኮንክሪት በደሴና በኮምቦልቻ

የምድር ወለል ኮንክሪት በግሬድ ቢሞች (ግድግዳውን በሚሸከሙት ከመሬት ጋር የተጠጉ የኮንክሪት አግዳሚዎች) መካከል በተሞላው መሬት ላይ የሚፈስ የቤቱ የመጀመሪያ ወለል ነው። በተለመደ መኖሪያ ቤት ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከሥሩ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይደረደራል፤ በሳይት ቋንቋ ሃርድኮር የሚባለው ይህ ነው። ባለቤቱ አብዝቶ የሚጨነቀው ከላይ ስለሚታየው ሴራሚክ ወይም ሊሾ ነው። ወለል የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ባለው ጉድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚገናኙ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚራራቁ ከተሞች ቢሆኑም ከወለል ሥር የሚገጥማቸው ችግር ለየቅል ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደልዳላ ቦታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። በተዳፋት ላይ ለመሥራት ላይኛው ጎን ይቆረጥና አፈሩ ወደ ታችኛው ጎን ይሞላል። እንግዲህ የአንዱ ቤት ወለል ግማሹ ባልተነካ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ያርፋል ማለት ነው። ሙሌቱ በሚቀጥሉት ክረምቶች ውሃ እየጠጣ ሲወርድ ያልተነካው ወገን ባለበት ይቀራል፤ ስንጥቁም ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ሙሌቱን ከ20 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር፣ ለክቶ እያረጠቡ መጠቅጠቅ ነው። አንድ ሲኖትራክ አፈር ገልብጦ ከላይ ኮምፓክተር ማዞር ላዩን ያጠነክራል እንጂ ውስጡን እንደላላ ይተወዋል። ሙሌቱ ጥልቅ ሲሆን (በእንግሊዝ አገር ልማድ ከ60 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ) ወለሉን አፈር እንዲሸከመው ከመተው በቢሞች ላይ የሚያርፍ ባለ ፌሮ ስላብ ማድረግ ይሻላል። ወጪው ይጨምራል፤ በገደላማ ቦታ ግን አዋጪው እሱ ይመስለኛል። ከሁሉ በፊት ግን ቦታው ራሱ የሚንሸራተት አለመሆኑ ይጣራ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት፤ የሚሄድ መሬትን ወለል አያስቆመውም።

ከላይ የሚወርደው ውሃም አለ። ከቤቱ በላይኛው ጎን ቦይ ካልተቀደደ ክረምቱን ሁሉ በሃርድኮሩ መካከል ይመላለሳል። ከኮንክሪቱ ሥር የሚነጠፈው ፕላስቲክ እርጥበቱን ከወለሉ ያርቃል፤ ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ መሆኑ ይገርማል።

ኮምቦልቻ ወረድ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቦርከና ሜዳ ቁልቁለቱ ይቀርና ጥቁሩ ኮትቻ ይመጣል። ይህ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ከሥሩ ሲያብጥ ቀጭኑን ወለል ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በር አልዘጋ ይላል፣ ሴራሚኩም ይነሳል። ብዙ ሰው ወለሉን 15 ሴንቲ ሜትር በማድረግ ሊያመልጥ ይሞክራል፤ አያመልጥም። የሚያዋጣው ኮትቻውን ቆፍሮ አውጥቶ በሴሌክት ማቴሪያል (ውሃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር) መተካት ነው። ምን ያህል ይቆፈር የሚለው በጉድጓድ ምርመራ ይወሰናል። የወጣውን ጥቁር አፈር የመጓጓዣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል መልሶ ከወለሉ ሥር መሙላት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የመታጠቢያና የሽንት ቤት ቱቦዎችም ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በውሃ ተሞልተው ይፈተሹ፤ ኮትቻን ለማሳበጥ አንድ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ይበቃል።

ሃርድኮሩ በእጅ ተደርድሮ፣ ክፍተቱ በደቃቅ ጠጠር ተሞልቶ ሲጠቀጠቅ ቀሪው ሥራ የተለመደ ነው። ለ100 ካሬ ወለል በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይገባል። ሲ-25 በሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ልማድ ለአንዱ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲያዝ ጠቅላላው 36 ኩንታል ይሆናል። በሳጥን ሲሰፈር 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሳጥን ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይሰፈራል። ፈተናው ውሃው ላይ ነው። ለከረጢት 25 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ አሸዋው ራሱ ረጥቦ ከመጣ ደግሞ ይቀነሳል። ሠራተኞች ከባሬላው ቶሎ እንዲፈስላቸው ማቅጠን ይወዳሉ፤ ያ ውሃ ሲተን ወለሉን ያኮማትረዋል። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጦ ማሳደር ብልህነት ነው፤ ከላይ የሚተኛው ደለል ከ6 በመቶ ካለፈ በአገራችን ደረጃ መሠረት አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል።

ፌሮ የሚገባ ከሆነ መረቡ በስፔሰር (ከሥሩ በሚደረግ ትንሽ ማስደገፊያ) ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ የቀረ መረብ ስንጥቅ አይዝም፤ «ስናፈስ እንጎትተዋለን» የሚለው ተስፋም እምብዛም አይፈጸምም። ፌሮ የሌለው ወለል በየ3 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል ጥልቀት ባለው ቀጥ ያለ መስመር ይሰነጠር፤ መኮማተሩ አይቀርምና ስንጥቁ እዚያው ይወጣል።

ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት ነው። በኮምቦልቻ ፀሐይ የረጠበ ጆንያ ወይም አሸዋ ማልበስ ጠቃሚ ነው። በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ብርዱ ጥንካሬውን ያዘገየዋል፤ በተለይ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ሲሚንቶ) ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሊሾ ርካሽና ለጥገና ቀላል ነው፤ ሴራሚክ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በኮንክሪቱ የተሰነጠረው መስመር በሴራሚኩም መጋጠሚያ ላይ እንዲያርፍ ከንጣፉ በፊት ከሠራተኛው ጋር መስማማት ይኖርበታል።